የራያ ቆላ አጥቢያና የጽዋው ተራ

በግእዝ ደብር ማለት ተራራ ማለት ነው። ከላስታ ደጋ ቍልቍል ወርዶ የቆቦን ሜዳ የተመለከተ ሰው ግን በዚያ ሜዳ ላይ የተተከሉት አብያተ ክርስቲያናት ደብር ተብለው ሲጠሩ ቢሰማ፥ ተራራው የት አለ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ምድሩ ዝርግ ነው፤ ተራሮቹ ርቀው ቆመዋል። በስተምዕራብ የላስታ ደጋ፥ በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ አለ፤ በመካከላቸው ጎሊናና ሆርማት የሚባሉት ወንዞች በክረምት ከደጋው አፈር ተሸክመው እየወረዱ ሜዳውን ያለብሱታል። በደጋ የዘነበው ዝናም ለቆላው ሰው ሲሳይ ይሆናል፤ ገበሬውም ጎርፉን ጠልፎ ወደ ማሽላው ያገባዋል። ቆቦ ከወልድያ በስተሰሜን ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት።

ይህን አገር የነገሥታቱ ዜና መዋዕል የሚያውቀው በዘመቻ ነው። ጸሓፌ ትእዛዙ ስለ ራያ የሚጽፈው ንጉሥ በወረደ ጊዜ ብቻ ነው፤ ንጉሡ ወደ ደጋ ሲመለስ ብዕሩም አብሮት ይመለሳል። ስለዚህ ራያ በመጻሕፍት ውስጥ ግብር የሚከለከልባት፥ ከብት የሚዘረፍባት፥ ጦር የሚሰበቅባት አገር ሆና ቀርታለች። የቅርቡም ታሪክ ቢሆን ከዚህ አይርቅም። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ከተደረገው ውጊያ በኋላ የተመለሰው ሠራዊት በራያና በአዘቦ ሰዎች መመታቱ ይነገራል፤ በ1935 ዓ.ም. የተነሣው የወያኔ ዐመፅም ይነገራል። በእነዚህ ሁሉ ዘመናት ግን በዚያው ሜዳ ላይ ሕፃን ተጠምቋል፥ ሙት ተቀብሯል፥ ጠዋት ጠዋት ደወል ተደውሏል። ይህ ሁሉ በማን ተጻፈ? ማንስ አቆመው?

እኛ የቤተ ክህነት ሰዎች ለዚህ ጥያቄ ተዘጋጅቶ የሚቆየን መልስ አለን፤ ቤተ ክርስቲያንን ያቆሟት ጳጳሱና ንጉሡ ናቸው እንላለን። ጳጳሱ ታቦት ባርኮ፥ ካህን ሾሞ፤ ንጉሡ ርስት ጕልት ሰጥቶ። መልሱ ሐሰት አይደለም። ለራያ ቆላ ግን ልኩ አይደለም፤ ይህንንም ለማሳየት ስለ ሁለቱም በተራ መናገር ያስፈልጋል።

ኤጲስ ቆጶስ የሚለው ቃል ከጽርዕ የመጣ ሲሆን፥ ትርጓሜው የበላይ ተመልካች፥ ጠባቂ ማለት ነው። ጠባቂ ደግሞ መንጋውን በዓይኑ ሊያይ ይገባዋል። በኢትዮጵያ ግን እስከ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ድረስ ለአገሩ ሁሉ የሚመጣው ጳጳስ በአብዛኛው ዘመን አንድ ብቻ ነበረ፤ እርሱም ከግብጽ የሚላክ ነው። ኢትዮጵያውያን ከሊቃውንቶቻቸው መካከል ጳጳስ እንዳይሾሙ የሚከለክል አንቀጽ በኒቅያ ጉባኤ ስም ተጨምሮ በፍትሐ ነገሥት ገብቶ ስለ ነበር፥ ይህ ቀንበር ለብዙ መቶ ዓመታት ጸንቶ ኖረ። አቡኑ ሲሞት ሌላ እስኪመጣ ድረስ አገሩ ያለ ጳጳስ ይቀመጣል። አቡነ ሰላማ በ1834 ዓ.ም. ከመምጣታቸው በፊት ዐሥር ዓመት ያህል እንዲህ ሆኖ ነበር። በዚያ ጊዜ ዲያቆን ሊሆን የሚወድ የቆላ ልጅ ማን ይሹመው? አቡኑ በሕይወት ባለም ጊዜ ቢሆን፥ ልጁ ስንቁን በአገልግል ይዞ አቡኑ ወዳለበት፥ ጎንደር ቢሆን ጎንደር፥ ትግሬ ቢሆን ትግሬ፥ በእግሩ መሄድ ግዴታው ነበር። መንገዱ ሽፍታና ንዳድ ያለበት ነውና የሄደው ሁሉ አይመለስም።

ዐፄ ዮሐንስ በ1874 ዓ.ም. አራት ጳጳሳት ከእስክንድርያ ባስመጡ ጊዜ ነገሩ በመጠኑ ቀለለ። ግንቦት 1921 ዓ.ም. ደግሞ አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት፥ አቡነ ጴጥሮስ፥ አቡነ ሚካኤል፥ አቡነ አብርሃምና አቡነ ይስሐቅ ተብለው በመንበረ ማርቆስ ተሾሙ። ከእነርሱ አቡነ ጴጥሮስ ጳጳስ ዘምሥራቅ ኢትዮጵያ ተብለው ወሎ በእጃቸው ገባ። የወሎ ምእመን በራሱ ቋንቋ የሚናገር፥ ኀጢአቱን ያለ አስተርጓሚ የሚሰማ ጳጳስ ያገኘው ያን ጊዜ ነው። ደስታው ግን ሰባት ዓመት ብቻ ቆየ። አቡነ ጴጥሮስ ከሠራዊቱ ጋር ማይጨው ድረስ ዘምተው ተመለሱ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በፋሺስቶች ጥይት ዐረፉ። እንግዲህ አንባቢ ይቍጠረው፤ ከዘመናት ሁሉ ውስጥ የቆላው አጥቢያ ቅርብ ጳጳስ ያየባቸው ዓመታት ስንት ናቸው? ዛሬ የሰሜን ወሎ ሀገረ ስብከት በወልድያ ተቀምጦ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ በማይሞላ ርቀት ሲያስተዳድር የሚያይ ወጣት ካህን፥ ይህ ድንቅ ሆኖ ላይታየው ይችላል።

የንጉሡስ ርስት? በደጋው ታላላቅ አድባራት ለካህናቱ የሰሞን መሬት ነበራቸው፤ መሪጌታውም ቄሰ ገበዙም ድርሻ ድርሻውን ያውቃል። ቆላው ግን የጠረፍ አገር ነውና፥ ጕልቱ ቢሰጥም የሚያስከብረው አልነበረም፤ የታናናሹ አጥቢያ ካህን ሲሠራ የሚውለው እንደ ማንኛውም ገበሬ በሞፈርና ቀንበር ነበር። የሆነ ሆኖ የነበረውም ቢሆን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ባደረገ ጊዜ አበቃ። በየአገሩ መሬታቸውን ተማምነው የኖሩ ታላላቅ አድባራት በዚያ ዓመት ሲደነግጡ፥ ከመጀመሪያውም ብዙ መሬት ያልነበራቸው የቆላ አጥቢያዎች ብዙም አልተናወጡም። ይህን ነገር በደንብ ልናስተውለው የሚገባ ይመስለኛል። ከመሬት ያልተሰቀለ ነገር መሬት ሲነሣ አይወድቅም።

እንግዲያስ የተሰቀለው ከምን ላይ ነው? ከሰንበቴው ላይ ነው።

ስለ ሰንበቴ መጻፍ ለብዙ ሊቃውንት የሚያሳፍር ይመስላል፤ የጠላና የዳቦ ነገር ነው ይላሉ። ነገር ግን እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። ከአጥቢያው ሰዎች ዐሥራ ሁለትም ሆኑ ሠላሳ ወይም ከዚያ በላይ ተሰባስበው ስማቸው ይመዘገባል። በየእሑዱ አንዱ ወይም ሁለቱ ተራቸውን ጠብቀው ዳቦ ጋግረው፥ ጠላ ጠምቀው፥ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወዳለው ሰንበቴ ቤት ያቀርባሉ። ካህኑ ይባርካል፤ ከማኅበርተኛው አስቀድሞ ለድኾችና ለእንግዶች ይሰጣል፤ ለቆሎ ተማሪውም ድርሻው አይቀርም። አለቃቸው ሙሴ ይባላል። ሙሴው ማን እንደ ቀረ፥ ማን እንደ ታመመ፥ የማን ቤት ለቅሶ እንዳለበት ያውቃል፤ የተጣሉ ሁለት ሰዎች ሳይታረቁ ከአንድ ጽዋ እንዳይጠጡ የሚከለክለውም እርሱ ነው። በመጨረሻ ጽዋው ለባለ ተራው ይሰጣል፤ የተቀበለውም ሰው የሚመጣውን ሰንበት በሕይወት ቢደርስ ሊያደርግ ቃል ይገባል። ቢሞት ሚስቱ፥ ሚስቱ ብትሞት ልጁ ይቀበላል።

በወሩ ውስጥ ደግሞ ማኅበሩ አለ፤ በ12 የሚካኤል፥ በ16 የኪዳነ ምሕረት፥ በ21 የማርያም፥ በ23 የጊዮርጊስ፥ በ27 የመድኃኔ ዓለም። ይህ በቤት የሚደረግ ነውና የጽዋው ተራ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። እንግዲህ አንድ የራያ ባላገር በዓመት ውስጥ የሰንበቴውን፥ የማኅበሩን፥ የዝክሩንና የጎረቤቱን ተዝካር ቢቈጥር፥ ከአጥቢያው ሰው ጋር በአንድ መሶብ ያልተቀመጠበት ሳምንት ጥቂት ነው። ይህንን ያየ ሰው ቤተ ክርስቲያን ማለት ስንት ነገር ነው ብለው መምህራን ሲጠይቁን የምንመልሰውን ሦስቱን መልስ ያስባል። ሕንፃው አንድ፥ የምእመናን ማኅበር ሁለት፥ የእያንዳንዱ ክርስቲያን ሰውነት ሦስት። ሦስቱም በአንድ ጽዋ ዙሪያ ተቀምጠዋል።

በዚህ ላይ አንድ የቃል ነገር ልጨምር። በአማርኛችን አጥቢያ ሲባል በአንድ በኩል ሊነጋ ሲል ያለው ጊዜ ነው፤ አጥቢያ ኮከብ እንላለን። በሌላ በኩል አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግለው መንደር ነው። ቃሎቹ ከአንድ ግንድ መብቀላቸውን ሰዋስው የሚያውቁ ይፍረዱ፤ የቅኔ ተማሪ ግን ሰሙንና ወርቁን ሳያገናኝ አያልፍም። የራያ ፀሓይ የበረታች ስለ ሆነች በቆላ የሚሠራ ሥራ ሁሉ ከንጋት ጋር ይጀመራል፤ ሰውም ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልሞ ወደ እርሻው ይወጣል። በደወሉ የሚነሣ ሁሉ የዚያ አጥቢያ ሰው ነው።

ቅኔ ካነሣን ዘንድ፥ ከቅኔ ቤቶች አንዱ የሆነው ዋድላ ከዚህ ሜዳ በስተምዕራብ በደጋው ላይ ያለ መሆኑን መርሳት አይገባም። ጎንጅና ዋሸራ የጎጃም ሲሆኑ ዋድላ የወሎ ነው። ደጋው ዕውቀት አለው፥ እህል ግን ያጥረዋል፤ ቆላው በጥጋብ ዓመት እህል አለው፥ መምህር ግን ያጥረዋል። ስለዚህ የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ ቍልቍል ይወርዳል፤ የማሽላ አውድማ በሚወቃበት በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት በስመ እግዚአብሔር ብሎ የለመነ ባዶውን አይሄድም። ከእነዚህም አንዳንዱ በዚያው ቀርቶ ለአጥቢያው ድጓ ይቃኛል፥ ለሕፃናቱ ፊደል ያስቈጥራል። ከደጋ የሚወርደው አፈር ሜዳውን እንዳደለበው፥ ከደጋ የወረደው ተማሪም ቅኔ ማኅሌቱን አቁሞታል። በልደት በዓል ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ የቆላው ሰው ሽቅብ ወጥቶ ላሊበላን ይሳለማል።

በዚህ አገር የአጥቢያ ታሪክ ሲጻፍ እስላሙን ጎረቤት ትቶ መጻፍ ግማሹን ታሪክ መቅደድ ነው። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሃይማኖት በተበየነ ጊዜ የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ ትእዛዝ ወጣ። እኔ እንደሚመስለኝ በዚያ ትእዛዝ ቤተ ክርስቲያን ያተረፈችው ጥቂት ነው፤ በግድ የተነከረ ሰው ከውሃው ሲወጣ ልቡን ደረቅ አድርጎ ይወጣልና። ዛሬ በራያ ሰላሙን ያቆመው ያ ዐዋጅ አይደለም፤ ከዐዋጁ በፊትም በኋላም የነበረው የጉርብትና ሥርዓት ነው። በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ አንዱ ወንድም ክርስቲያን፥ አንዱ እስላም ሆኖ ሲኖር ይታያል። ሠርግ ሲሆን ሁለት በሬ ይታረዳል፤ አንዱ በቢስሚላህ፥ አንዱ በስመ አብ። ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ እስላሙ እንጨት ያቀብላል፤ መስጊድ ሲሠራ ክርስቲያኑ ድንጋይ ያነሣል። ደም በፈሰሰ ጊዜ ደግሞ ዘወልድ የሚባለው የሽማግሌ ሥርዓት አለ፤ የሁለቱም ሃይማኖት አረጋውያን ከዛፍ ጥላ ተቀምጠው ገዳይና ሟች ቤትን ያስታርቃሉ። ዝናም በቀረ ጊዜ ካህናቱ እግዚኦታ ያደርሳሉ፤ ሼሆቹም ዱዓ ያደርጋሉ።

ከበዓላት ሁሉ ይህ ቆላ የራሱ ያደረገው ሶለልን ነው። የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 16 ቀን በእመቤታችን ዕርገት ሲፈታ፥ ልጃገረዶች ተሰባስበው አስቀድመው ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ ከዚያም ከበሮ ይዘው በየቤቱ እየዞሩ ይጫወታሉ። በላስታ አሸንድዬ፥ በዋግ ሻደይ፥ በትግራይ አሸንዳ የሚባለው በራያ ቆቦ ሶለል ይባላል። ስሙ በየአገሩ ቢለያይም ቀኑ አንድ ነው፥ የሚከበረውም በአንዲት እናት ስም ነው። ይህን ለኋላው ቃል አስታውሱልኝ።

ሰንበቴው የተፈተነበት ጊዜ ብዙ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ረኃብ በገባ ጊዜ የራያና ቆቦ አውራጃ ከተጐዱት አንዱ ነበረ፤ ሕዝቡ እርዳታ ፍለጋ ወደ አውራ መንገዱ ወጥቶ ፈሰሰ። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ የባሰ መጣ፤ በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር ከኮረም የተነሣው ሥዕል ዓለምን ሁሉ አስለቀሰ። ኮረም ከዚህ ሜዳ በላይ በገደሉ አፋፍ ላይ ያለች ናት፤ ከቆላ ተነሥተው ወደዚያ የወጡና ያልተመለሱ ብዙዎች ናቸው። በረኃብ ጊዜ ጠላ የሚጠመቅበት ጌሾና እህል ከየት ይመጣል? ጽዋው በውሃ ይዞራል። የሚዘክር ሰው ግን ካለ ማኅበሩ አልፈረሰም።

ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1965 ዓ.ም. በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና ቃለ ዓዋዲ ወጥቶ በየአጥቢያው የሰበካ ጉባኤ እንዲቋቋም ተደነገገ። ካህናትና ምእመናን፥ ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም ጋር በአንድነት ተቀምጠው የደብራቸውን ነገር ይመክራሉ። ይህ ደንብ ለታላላቆቹ አድባራት አዲስ ነገር መሰላቸው፤ መሬቱ በተወሰደ ጊዜም ያተረፋቸው እርሱ ነው። ለቆላው ግን ሙሴው በቃል ሲያደርገው የኖረውን በወረቀት እንደ መጻፍ ነበር። አቡነ ቴዎፍሎስ ራሳቸው በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው በ1971 ዓ.ም. በግፍ ተገደሉ፤ ደንባቸው ግን በ1970 እና በ1991 ዓ.ም. እየተሻሻለ እስከ ዛሬ አጥቢያዎችን ያስተዳድራል።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው እንመጣለን። በ2013 ዓ.ም. ክረምት በሰሜን የተነሣው ጦርነት ወደ ራያ ቆቦ ደረሰ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በየካቲት 2014 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፥ ጳጉሜ 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የትግራይ ተዋጊዎች በቆቦ መሣሪያ ያልያዙ ሰዎችን እንደ ገደሉ የከተማውን ሰዎች ምስክርነት ጠቅሶ ገልጧል። የከተማው ሰዎች ሙታናቸውን የቀበሩት በቅዱስ ጊዮርጊስና በቅዱስ ሚካኤል አብያተ ክርስቲያናት እንደ ሆነ ተናግረዋል፤ ከሰማይ የተነሣው የመንኰራኵር ሥዕልም በሁለቱ ቅጥር አዲስ መቃብር አሳይቷል። ዓመቱ ሊያልቅ አንድ ቀን ብቻ የቀረው ነበር። አርባው የደረሰው ጥቅምት 8 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ ጦርነቱ ገና አላበቃም።

በሚቀጥለው ዓመት ጥቂት ወራት ዕረፍት ከሆነ በኋላ፥ ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ውጊያው በቆቦ አካባቢ እንደገና ተቀሰቀሰ። ቀኑን ልብ በሉ፤ የፍልሰታ ጾም ከተፈታ ሦስተኛው ቀን፥ በሶለል ሳምንት መካከል ነው። ከመስመሩ ወዲያ ማዶ ባለው አገርም የአሸንዳ ሳምንት ነበረ። በሁለቱም ወገን ያሉት ልጃገረዶች የአንዲቱ ድንግል በዓል ልብሳቸውን አውጥተው ሳለ መድፉ ጮኸ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶርያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ።

በጥንት ዘመን ለአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የተሰጠ መሬት፥ የተደረገ እርቅ፥ የሞተ ሰው ስም በወንጌሉ ወይም በገድሉ መጽሐፍ ባዶ ቅጠልና ጠርዝ ላይ ይጻፍ ነበር። መጽሐፉን የሚሰርቅ ሰው ቢፈራ ይህን ጽሑፍ የሚፍቅ ሰው የበለጠ ይፈራል፤ በግዝት የታሰረ ነውና። ብዙዎቹ የደጋ አድባራት ታሪካቸው የታወቀው ከዚህ ጠርዝ ነው። የራያ ቆላ አጥቢያዎች ግን መጽሐፋቸውም ጥቂት፥ የሚጽፍም ጥቂት ስለ ነበር በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. በረኃብ ያለቁት ሙታን ስም በሙሴዎቹ አፍ ብቻ ቆየ። እነዚያ ሙሴዎች አርጅተዋል፤ አብዛኞቹም ዐርፈዋል። የጳጉሜ 2013 ሙታን ወዳጆች ግን ገና በሕይወት አሉ። የክርስትና ስማቸውን የሚያውቁ ነፍስ አባቶች አሉ፤ የማን ልጅ እንደ ነበሩ፥ በየትኛው ማኅበር እንደ ነበሩ፥ ጽዋው በማን እጅ ሳለ እንደ ሞቱ የሚናገሩ ሚስቶች አሉ። በዚያ ቀን ከሞቱት መካከል እስላም ጎረቤት ካለም፥ ስሙን ሼሁ ይነግራል። ወንጌሉ ባዶ ቅጠል ከሌለው የሰበካ ጉባኤው መዝገብ አለ፤ ቀለሙም በሱቅ ይገኛል። የሚያስፈልገው አንድ የተማረ ዲያቆንና ከቅዳሴ በኋላ በሰንበቴ ቤት አንድ ሁለት እሑድ መቀመጥ ነው።